ዲበገሩ የማያውቀው ቺፕ ላይ ፕሮግራም መጫን

ዲበገር (ቺፕን ከኮምፒውተር ሆኖ ለመቆጣጠርና ለመፈተሽ የሚያገለግል መሣሪያ) ቺፑን «አላውቀውም» ሲል ብዙ ጊዜ መገናኘት አቅቶት አይደለም። ኤአርኤም ኮርቴክስ-ኤም የሚባለው ፕሮሰሰር ባለባቸው ቺፖች ላይ ኤስደብሊውዲ የተባለው የዲበገር መገናኛ ከግራውንድ ሌላ ሁለት ገመድ ብቻ ይበቃዋል፤ አንዱ ለዳታ፣ አንዱ ለክሎክ። በነዚህ ፕሮሰሰሩን ማቆም፣ ሬጅስተር (በቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽ የዳታ ማስቀመጫ) ማንበብ፣ ራም ላይ መጻፍ ይቻላል። አምራቹ ማንም ይሁን ማን ይህ አይለወጥም።

ችግሩ ፍላሹ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ኃይል ቢቋረጥም የማይጠፋ ሜሞሪ ላይ ነው። ፍላሽ እንደ ራም ዝም ተብሎ አይጻፍበትም። መጀመሪያ ይሰረዛል፣ ብዙውን ጊዜም ቢቶቹ ሁሉ 1 ይሆናሉ። መጻፍ ማለት የተፈለጉትን ወደ 0 ማውረድ ነው። ይህን የሚያከናውነው የፍላሽ መቆጣጠሪያ ግን እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ የሠራው ነው።

ብሉ ፒል በምትባለው ርካሽ ቦርድ ላይ ያለውን ኤስቲኤም32ኤፍ103 እንይ። አድራሻዎቹ በሄክስ (ከ0 እስከ 9 እና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉ 16 አሃዞች በሚጻፍ ቁጥር) ናቸው። ፍላሹ ከ08000000 ይጀምራል፤ መቆጣጠሪያው ሲነሳ ተቆልፎ ነው። ለመክፈት 40022004 ላይ ባለው የመቆጣጠሪያው ሬጅስተር መጀመሪያ 45670123፣ ቀጥሎ ሲዲኢኤፍ89ኤቢ ይጻፋል። ልብ ላለው፣ አስራ ስድስቱም የሄክስ አሃዞች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ገብተዋል፤ የመሐንዲስ ጨዋታ ሳይሆን አይቀርም። ቁልፉን ያሳሳተ ግን ሪሴት እስኪያደርግ አይከፈትለትም። ከዚያ 40022010 ላይ የመሰረዣው ቢት ይበራል፣ የገጹ አድራሻ 40022014 ላይ ይሰጣል፣ የማስጀመሪያው ቢት ይከተላል። አንድ ገጽ 1 ኪሎባይት ነው። የሚጻፈውም 16 ቢት፣ 16 ቢት እየተባለ ነው፤ 32 ቢት በአንዴ ከተላከ እምቢ ይላል።

ይህን ሁሉ ኦፕንኦሲዲ በሚባለው ነፃ የዲበገር ሶፍትዌር ትዕዛዝ አንድ በአንድ በእጅ መስጠት ይቻላል። ለጥቂት ባይት ጥሩ ነው፤ ለሙሉ ፕሮግራም ግን ያሰለቻል። ስለዚህ ፍላሽ ሎደር የሚባል ትንሽ ኮድ ከ20000000 በሚጀምረው ራም ላይ ይጫናል። ዲበገሩ ዳታውን አጠገቡ ያስቀምጥና ኮዱን ያስነሳዋል። ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍላሹን ጽፎ ሲጨርስ ብሬክፖይንት (ፕሮሰሰሩን የሚያስቆም ምልክት) ላይ ይቆማል። አንዳንዴ ሎደሩን መጻፍም አያስፈልግም፤ አምራቹ ለቺፑ በሚያወጣው ፓክ የሚባል የፋይሎች ጥቅል ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ፓኩ ደግሞ ተራ ዚፕ ፋይል ነው፤ ፈትቶ ማየት ነው።

ኮፒ ቺፖች (ሌላ አምራች አስመስሎ የሠራቸው) ጋ ነገሩ ከዚህም ይቀላል። በ1 እንዲጀምር የሚጠበቀው የኮሩ (የፕሮሰሰሩ) መታወቂያ ቁጥር በ2 ስለጀመረ ብቻ ኦፕንኦሲዲ እምቢ ይላል። የሚጠበቀውን ቁጥር በኮንፊግ ፋይሉ መቀየር ብቻ ሊበቃ ይችላል።

የንባብ መከላከያ (ፍላሹ ከውጭ እንዳይነበብ የሚያደርግ) የበራበት ቺፕ ግን ሌላ ነው። መከላከያውን ማንሳት ፍላሹን በሙሉ ይሰርዘዋል፤ የድሮውን ፕሮግራም ኮፒ ላልያዘ ሰው ያ ፕሮግራም ሄዷል።