የሞተር ፋሻ ምንድን ነው?

«ፋሻው አልቋል።»

ባሕር ዳር አባይ ማዶ፣ ማንጎ ሥር ቆሞ የከረመ አሮጌ የጓሮ ትራክተር ልናስነሳ ስንታገል መካኒኩ ያለን ይህን ብቻ ነው። የግቢው ባለቤት እማማ ግራ ገባቸው። «ፋሻማ የቁስል ነው ልጄ። ትራክተሩ ምኑን ቆሰለ?»

ሳቅን እንጂ እማማ ብዙም አልተሳሳቱም። ቁስል የምናስርበት ፋሻም፣ የሞተሩ ፋሻም ከአንድ የጣሊያንኛ ቃል የመጡ ናቸው። ከካንዴላ (እሳት ጫሪው) እና ከፍሪሲዮን ጋር ጋራዥ ገብቶ የቀረ ቃል ነው።

የሞተር ፋሻ ፒስተኑ፣ ማለትም ሲሊንደር በሚባለው ቱቦ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ብረት፣ የሚታጠቀው ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ግን ሙሉ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጧል። ስለተቆረጠም እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ወደ ውጭ እየተለጠጠ የሲሊንደሩን ግድግዳ ገፍቶ ይይዛል። ይህን ዘዴ በ1852 እ.ኤ.አ. ያመጣው ጆን ራምስቦተም የሚባል እንግሊዛዊ የባቡር መሐንዲስ ነው፤ ያኔ ለእንፋሎት ሞተር ነበር።

በትናንሽ ቤንዚን ሞተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ፋሻ ይኖራል። የላይኞቹ ሁለቱ የሚፈነዳው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ ያፍናሉ። የታችኛው ዘይት ጠራጊ ነው። እሱ ሲደክም ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ይቃጠላል፤ በማርመታው ሰማያዊ ጭስ የሚወጣውም ለዚህ ነው። የላይኞቹ ሲደክሙ ደግሞ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ በዘይት መሙያው በኩል ይተነፍሳል። ሮቢት አካባቢ በውሃ ፓምፕ ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰው ይህን ትንፋሽ ሳይነገረው ያውቀዋል።

የኛው ትራክተር አሜሪካኖች ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጓሮ ሥራ ይሠሯቸው ከነበሩት ነው፤ ኩብ ካዴት በ1961፣ ጆን ዲር 110 በ1963 እንደወጡት ዓይነት። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ኮህለር ነው። ካንዴላው ተነቅሎ ክረምቱን ስላሳለፈ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር ዝጎ ተጣብቋል። እዚህ ላይ መዶሻ የሚያነሳ ሰው ፒስተን ይሰብራል። ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅሎ በካንዴላው ቀዳዳ ማፍሰስ፣ ከዚያ መታገስ ነው። በየቀኑ ቮላኖውን (ሞተሩን የሚያዞረውን ከባድ መሽከርከሪያ) በእጅ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ። በአምስተኛው ቀን «ጭርር» ብሎ ለቀቀ። እኔ በበኩሌ ከዚያ የጣመ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ለቀቀ እንጂ ጉልበት አልነበረውም። መካኒኩም የሲሊንደሩን ግፊት መለኪያ በካንዴላው ቀዳዳ ሰክቶ «አልቋል» ያለው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ጋ ግን ሁለት ወጥመድ አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነች። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል፤ መለኪያው የሚያሳየውም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። የመመሪያውን ቁጥር እንዳለ የሚወስድ ሰው ጤነኛውን ሞተር ይገድለዋል። ሁለተኛ፣ የሚያመልጠው ጋዝ በፋሻው ብቻ ሳይሆን በቫልቭም (ጋዝ በሚገባበትና በሚወጣበት በር) ሊሆን ይችላል።

መለያው ቀላል ነው። አንድ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ እንደገና መለካት። ዘይቱ ፋሻውን ዙሪያውን ስለሚደፍንለት ቁጥሩ ጥሩ አድርጎ ከወጣ ጥፋቱ የፋሻው ነው። ካልተንቀሳቀሰ ወደ ቫልቩ ማየት ነው።

ፋሻ ይቀየር ከተባለም ዝም ብሎ አይገጠምም። መጀመሪያ ቀለበቱ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባና የተቆረጠበት ክፍተት ይለካል፤ በእንዲህ ያሉ ሞተሮች አዲስ ሲሆን ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከጠበበ ሲግል ጫፍና ጫፉ ተጋጭቶ ይነክሳል። የሦስቱም ቁርጥ አንድ መስመር ላይ መዋል የለበትም፤ ጋዙ መንገድ ያገኛል።

የኛው ትራክተር ቁጥር ዘይት ተጨምሮም ንቅንቅ አላለም። ቴስታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሲፈታ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ዝገት ይዞት ሳይዘጋ ቆሟል። ቀድመን ከአዲስ አበባ ያስመጣነው ፋሻ እስከ ዛሬ እንደተጠቀለለ እማማ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።