«ፕሪቨንት የሚከለክለው ማሸነፍን ነው»

ቡድኑ እየመራ ነው፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ተከላካዮቹ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይጀምራሉ፤ ይህ አጨዋወት «ፕሪቨንት ዲፌንስ» ይባላል። ይሄኔ የአሜሪካ ፉትቦል ከሚወድ ሰው አጠገብ ከተቀመጣችሁ ይህችን ሳትሰሙ አትነሱም፦ «ፕሪቨንት ዲፌንስ የሚከለክለው ነገር ቢኖር ማሸነፍን ነው።»

አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በጆን ማደን ስም ነው። ማደን እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978 የኦክላንድ ሬደርስ አሰልጣኝ ነበር። በኋላ የቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ። ወጣቶቹ ግን የሚያውቁት ስሙን በያዘው ጌም ነው።

ቀልዱ ያለው ቃሉ ላይ ነው። «ፕሪቨንት» በእንግሊዝኛ አስቀድሞ መከልከል ማለት ነው። አጨዋወቱ ረጅም ኳስ እከለክላለሁ ብሎ ስሙን ወሰደ፤ አባባሉ ያንኑ ስም መልሶ መቀለጃ አደረገበት። እኛ ደግሞ መከላከልና መከልከል ከአንድ ሥር ስለሚወጡልን ቀልዱ ሳይሞት ወደ አማርኛ ይገባል።

አሁን ወደ ሜዳው። የሚከላከለው ቡድን 11 ሰው አለው። በተለመደው አሰላለፍ አራቱ የኋላ ተከላካዮች ናቸው፦ ሁለት ኮርነርባክ በዳርና በዳር፣ ሁለት ሴፍቲ ከኋላ። ረጅም ኳስ ሲያሰጋ አምስተኛ ይጨመራል፤ ይሄ «ኒኬል» ይባላል፣ በአሜሪካ አምስት ሳንቲም ስም። ስድስተኛ ሲጨመር «ዳይም» ይሆናል፣ ሁለት ኒኬል አንድ ዳይም ነውና። ሰባተኛው ሲገባ «ኳርተር» ይሉታል፣ በሃያ አምስት ሳንቲሙ ስም። እዚህ ላይ ሒሳቡ አይገጥምም፤ ግን ሳንቲም ሳንቲም ነው።

ፕሪቨንት የዚህ ጭማሪ ጫፍ ነው። ብዙ ጊዜ ኳርተርባኩ ላይ፣ ማለትም ኳሷን የሚወረውረው ተጫዋች ላይ፣ የሚሮጡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ሜዳውን ተከፋፍለው በዞን ይጠብቃሉ። ትልቁ ሕግ አንድ ነው፦ ከኋላችን ማንም አይለፍ። አጭር ኳስ ይቀበሉ፣ ግድ የለም፤ እነሱ አሥር አሥር ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ሲለቅሙ ሰዓቱ ያልቃል። በኛ ኳስ ቋንቋ ውጤት ማስጠበቅ ነው።

ችግሩ ሦስት ሰው ብቻ ሲመጣበት ኳርተርባኩ ተረጋግቶ ይመርጣል። ተቀባዩም ኳሷን ይዞ ከመስመር ከወጣ ሰዓቱ ይቆማል።

እ.ኤ.አ. ጥር 2022፣ ካንሳስ ሲቲ። የቡፋሎ ቢልስ 36 ለ 33 እየመራ ነው፤ የቀረው 13 ሰከንድ። የካንሳስ ሲቲው ቡድን ቺፍስ ከራሳቸው 25 ያርድ ይጀምራሉ። የቡፋሎ ሴፍቲዎች ከኋላ በጣም ርቀው ቆመዋል። የቺፍሱ ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስ ለታይሪክ ሂል ሰጠ፣ 19 ያርድ። ታይም አውት። ቀጥሎ ለትራቪስ ኬልሲ፣ 25 ያርድ። ታይም አውት። ሦስት ሰከንድ ቀርቶ በ49 ያርድ ምት 36 እኩል ሆኑ፤ በጭማሪ ሰዓት ቺፍስ 42 ለ 36 አሸነፉ። ያ አሰላለፍ በደንቡ ፕሪቨንት ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ የሚሟገት አይጠፋም፤ መንፈሱ ግን እሱ ነው። ልዩነቱ ሦስት ነጥብ ነበር። ሦስት ነጥብ ደግሞ በእግር ምት ይገኛል። ለዚያ የመጨረሻው መስመር ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ቡፋሎዎች የዘጉት ግን ሩቁን በር ነበር።

እኔን ከጠየቃችሁኝ አባባሉ ትንሽ ይበድላል። ፕሪቨንት ሲሳካ ማን ያስታውሰዋል? ጨዋታው ያልቃል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን ደግሞ ሰዓት መግዛት ሞኝነት አይደለም። አንድ ኳስ ብቻ ሲቀርማ ሌላ ምን ይደረጋል?

እሱንም ቢሆን ሕጉን ከጠበቁት ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2024 ሜሪላንድ ውስጥ፣ የኛ ሰው በብዛት በሚኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ ማለት ነው፣ ቺካጎ ቤርስ የዋሽንግተኑን ቡድን ኮማንደርስን 15 ለ 12 እየመራ የመጨረሻዋ ኳስ ቀረች። ኳሷ ስትጀመር አንድ የቺካጎ ተከላካይ ፊቱን ወደ ደጋፊው አዙሮ እያበሸቀ ነበር። የኮማንደርሱ ኳርተርባክ ጄደን ዳንየልስ እየሮጠ ጊዜ ገዛና ወደ ሰማይ ለቀቃት። ያ ተከላካይ ሮጦ ደረሰ፣ ዘለለ፣ ነካት። ኳሷም ተንሳፋ የኮማንደርሱ ተቀባይ ኖዋ ብራውን እጅ ገባች፤ ከሁሉም ኋላ፣ ብቻውን ቆሞ ነበር።