ክፍሉ ውስጥ ማን ተናገረ? ስለ ተማሪዎች ተሳትፎ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የእኔ ክፍል ሞቅ ያለ ነው፤ ሁሉም ይሳተፋል።»
የሚያሞቁት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂቶች ናቸው። ካርፕ እና ዮልስ የተባሉ አሜሪካውያን የሶሲዮሎጂ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ40 ያነሱ ተማሪዎች ባሉባቸው የኮሌጅ ክፍሎች ሦስት አራተኛውን ያህል ተሳትፎ የሚይዙት አራት ወይም አምስት ተማሪዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። መምህሩ ጥያቄው ሁሉ መልስ ስላገኘ ክፍሉ በሙሉ የመለሰ ይመስለዋል። የተናገረው ይታወሳል፤ ዝም ያለውን ማን ያስታውሳል? ስለዚህ መቁጠር ይሻላል። አንድ የሥራ ባልደረባ ታዛቢ ሆኖ ከኋላ ተቀምጦ የወንበሮቹን አቀማመጥ ወረቀት ላይ ይሳል፤ ተማሪ በተናገረ ቁጥር በቦታው ጭረት ያድርግ፤ ተጠርቶ ከሆነ ደግሞ በክብ ያመልክት። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጭረቱ የት እንደተከማቸ ያለ ክርክር ይታያል።

«ሴቶች በቁጥር ከበዙ ድምፃቸውም ይሰማል።»
ሣራ ኤዲ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት 23 የመግቢያ ባዮሎጂ ክፍሎችን ተመልክተዋል። ከተማሪዎቹ 60 በመቶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ፤ ለመምህሩ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ከተሰሙት ድምፆች ግን የሴቶቹ 40 በመቶ አልሞላም። ሴቶች በቁጥርም በሚያንሱባቸው የምህንድስና ክፍሎቻችን ጭረቱን በጾታ ለይቶ ማየት የበለጠ ያስፈልጋል።

«ዝም ያለ ተማሪ ወይ አላነበበም፣ ወይ አልገባውም።»
ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። የመጀመሪያ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ ወይም በአማርኛ የተማረች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በእንግሊዝኛ ትጠየቃለች። ጥያቄውን መረዳት፣ መልሱን በራሷ ቋንቋ ማሰብ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ አለባት፤ ብትሳሳት ደግሞ የሚስቅባት አይጠፋም። መምህሩ ግን አይጠብቃትም። ሜሪ በድ ሮው የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ በሕፃናት ክፍሎች ባደረገችው ጥናት መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አግኝታለች፤ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያረዝሙት መልሶቹ ረዘሙ፣ የሚመልሱትም በዙ። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ሦስት ሰከንድም የሚበቃ አይመስለኝም። ታዛቢው ሰዓት ይዞ ይህን ዝምታ ይለካ። «ገባችሁ?» የሚለውንም ይቁጠር፤ መልሱ ምንጊዜም «አዎ» ስለሆነ ጥያቄ ብሎ መመዝገብ ግን አያስፈልግም።

«ያልተዘጋጀን ተማሪ በስም መጥራት ማሸማቀቅ ነው።»
በድንገት እና ለቅጣት ከሆነ፣ አዎ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ በስም መጥራት በተዘወተረባቸው ክፍሎች ከጊዜ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ የሚመልሱት እንደሚበዙ አሳይቷል። ለውጥ የሚያመጣው አጠራሩ ነው። መጀመሪያ ከጎን ካለው ጋር ለሁለት ደቂቃ ይነጋገሩ፤ ከዚያ ከስም ዝርዝሩ በዕጣ ይጠራ፤ «ይለፈኝ» ማለትም ይፈቀድ። ዕጣው ለመምህሩም ጥሩ ነው፤ ዓይኑ የለመደውን የፊት ወንበር ያስተወዋል።

«በቡድን ከከፈልኳቸው ችግሩ አለቀ።»
«አንድ ለአምስት» የተባለውን የተማሪዎች የቡድን አደረጃጀት ያየ ሰው ይህን አይልም። ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ታዛቢው ከአንድ ቡድን አጠገብ ተቀምጦ ብዕሩን ማን እንደያዘና ማን ቆሞ እንዳቀረበ ይመዝግብ።

«ታዛቢ የሚመጣው ስህተት ለመልቀም ነው።»
ምልከታ ከሥራ አፈጻጸም ውጤት ጋር ስለተያያዘ ይህ ስጋት ያለ ምክንያት አልመጣም፤ መምህሩም ለዚያች ቀን ብቻ ያማረ ትምህርት ያዘጋጃል። ሌላ ዓይነት ምልከታ ግን አለ። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ እና የሜይን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያስተዋወቁት «ኮፐስ» የተባለው ቅጽ በየሁለት ደቂቃው መምህሩ እና ተማሪዎቹ የሚያደርጉትን ብቻ ያስመዘግባል፤ «ጥሩ ነው»፣ «ደካማ ነው» የሚል ቦታ የለውም። አንድ ቀን ብቻ መመልከት ስለማይበቃ ታዛቢው ደጋግሞ ይግባ፤ ወረቀቱም ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ሳይሄድ መምህሩ እጅ ይቅር።