በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጸሎት ተከልክሏል?

«የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት» የሚለው ሐረግ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ በቃል አይገኝም፤ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1802 ከጻፈው ደብዳቤ የተወሰደ አገላለጽ ነው። ወላጆች ግራ የሚጋቡት፣ ሕጉ የሚያግደው መንግሥትን እንጂ ተማሪውን አለመሆኑ ላይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1962 እንደወሰነው፣ ባለሥልጣናት ያዘጋጁት ጸሎት፣ ተማሪው ዝም ማለት ቢፈቀድለት እንኳ፣ በክፍል ውስጥ ሊደገም አይገባም። ስለዚህ መምህሯ ክፍሉን አስነሥታ ማስጸለይ አትችልም፤ ልጅዎ ግን ምሳ ዕቃውን ከፍቶ፣ አማትቦ፣ «አቡነ ዘበሰማያት» ቢደግም መብቱ ነው። የሚከብደው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ጸሎት ነው፤ በ2022 ፍርድ ቤቱ ከጨዋታ በኋላ ሜዳ ላይ ተንበርክኮ ለጸለየ የትምህርት ቤት አሠልጣኝ ፈርዷል። ተጫዋቹ ቦታውን ላለማጣት ሲል አብሮ ቢንበረከክ ግን፣ ያ በፈቃዱ ነው ለማለት ይከብደኛል።