ዞማ ሙዚየም፦ እግር ያቦካው፣ እጅ የቀረጸው

ዞማ ሙዚየም ከመሀል አዲስ አበባ ግርግር ወጣ ብሎ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል መካኒሳ የሚገኝ የሥነ ጥበብ ማዕከል ነው። የመሠረቱት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። ስሙ የሠዓሊ ዞማ ሽፈራው መታሰቢያ ነው። አማርኛችን ደግሞ ረጅምና ልስልሱን ጸጉር ዞማ ይለዋል። እኔ ስሙን በሰማሁ ቁጥር ሁለቱም ይመጡብኛል።

ቤቶቹ የቆሙት በጭቃና በጭድ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ሙያውን ያውቀዋል። ጭቃው ጭድ ገብቶበት በእግር ይረገጣል፣ ይቦካል፣ ይሰነብታል። መድረሱን አፍንጫ በጠረኑ፣ ተረከዝም በልስላሴው ይለየዋል። ከዚያ ይመረጋል። ዞማ ላይ ግን ሥራው በምርጊት አላበቃም። ግድግዳው ላይ በእጅ የወጡ ቅርጾች አሉ። እኩለ ቀን ላይ ገጹ ጠፍጣፋ ይመስላል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ግን ጥላ ይገባበትና እዚህ ያብጣል፣ እዚያ ይጎደጉዳል። ግድግዳው ያው ነው፤ የተለወጠው ብርሃኑ ነው፣ ዓይናችንም አብሮ ይለወጣል።

የኤልያስ ሥራዎችም እንዲሁ ናቸው። በክርና በአዝራር ብዙ ሠርቷል። «ታይትሮፕ» በተባሉት ሥራዎቹ ደግሞ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ማዘርቦርድና የኪቦርድ ቁልፍ ይጠቀማል። አብዛኛውን የሚያገኘው መርካቶ ነው። ራቅ ብሎ ላየው ከአውሮፕላን የሚታይ ማሳ ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ማሳው ይጠፋና በጣት የተጎነጎነ ሽቦ ብቻ ይቀራል። ትንሽ ወደኋላ ሲመለሱ ማሳው ደግሞ ይመጣል። ስለዚህ ቆሞ አይታይም፤ እግርም ይሠራል። ታይትሮፕ ማለት አክሮባቱ የሚሄድበት የተወጠረ ገመድ ነው። ስሙ ራሱ ሚዛኑን የሚጠብቅ ሰውነትን ያስታውሳል።

በ2024 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ያሳየው ትርኢትም ርዕሱ ውስጥ «ፊትና ጀርባ» የሚለውን አማርኛ ይዞ ነው የሄደው። ይሄ ደስ ይለኛል። የአንድን ነገር ሁለት ገጽ ለመናገር ቋንቋችን መጀመሪያ የሚጠራው የሰውን ገላ ነው።

ግቢው ውስጥ የሕጻናት ትምህርት ቤት አለ። አትክልትም ይለማል፣ ከብትም ይረባል። ልጆቹ የሚውሉት እነዚያው የጭቃ ግድግዳዎች መሀል ነው።