የጎጃም ወጣቶች፣ ቴክኖሎጂና የውጭ አጋርነት

የጎጃምን ወጣት ከውጭው ዓለም ጋር አብሮ ያሠራው ኢንተርኔት ብቻ አይደለም። ወርክሾፑና የዝናብ መለኪያው ቀድመውታል። ጎጃም ስንል እዚህ የድሮውን ክፍለ ሀገር ነው፤ ባሕር ዳርንም ዳንግላንም ይጨምራል። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከፖሊ ይጀምራል። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1963 በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር ተቋቋመ። የእርሻ መካኒክስ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ የብረታ ብረት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የእንጨትና የኤሌክትሪክ ቴክኖሎጂ ይሰጥ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እዚያው ከተማ ስለነበር ትምህርቱ ከሥራው አልራቀም። የመምህራን አካዳሚው በ1972 በዩኔስኮ፣ በዩኒሴፍና በዩኤንዲፒ ድጋፍ መጣ። ሁለቱ በ2000 ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የአካዳሚ ልጆች ቅር ቢላቸውም አንጋፋው ፖሊ ነው።

በደርግ ዘመን የሚጠቀሰው አንጀኒ ነው። ደምበጫ አካባቢ ያለው ይህ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ በ1984 ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጀመረ።

በ2007 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በባሕር ዳር የተፋሰስና የውኃ ሳይንስ ማስተርስ ከፈተ። ወጣቶቹ አሜሪካ ሳይሄዱ፣ ያደጉበትን ወንዝ እየለኩ ተመረቁ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ዳንግላ ወረዳ ዳንጌሽታ ላይ የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከነዋሪው ጋር ሠሩ። ፈቃደኞች ዝናቡን በመለኪያ ያነቡ፣ የጉድጓዱን ውኃ ጥልቀት ይለኩ፣ የወንዙን ከፍታ ይመዘግቡ ነበር። ውጤቱ ከሳተላይት ግምት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ደብተርና እስክሪብቶም ቴክኖሎጂ ነው ብንል ብዙ አላጋነንንም።

አሁን አሁን ወሬው የቋንቋ ቴክኖሎጂ ነው። ኮምፒውተር አማርኛ እንዲገባው ሰው አንብቦ ምልክት ያደረገበት ብዙ ጽሑፍ ይፈልጋል። በውጭ አገር ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት ድረ ገጾች ለእኛ አገር ሠራተኛ አይመቹም፤ ክፍያውም ጣጣ ነው። የሐምቡርግና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ታዲያ ሥራውን ወደ ቴሌግራም አወረዱት። ቦቱ፣ ማለትም ቴሌግራም ውስጥ በራሱ የሚሠራው ፕሮግራም፣ አንድ ትዊት (የትዊተር አጭር ጽሑፍ) ያመጣ ነበር። አንባቢው አዎንታዊ፣ አሉታዊ፣ ገለልተኛ ወይም ቅይጥ ብሎ ይጫን ነበር። ክፍያው የሞባይል ካርድ ነበር። በዚህ መንገድ ከ9 ሺህ በላይ ትዊቶች ተለይተው ጥናቱ በ2020 ወጣ። አማርኛ በ2023 የ14 የአፍሪካ ቋንቋዎች የስሜት ትንተና (የጽሑፍን አዎንታዊነትና አሉታዊነት በኮምፒውተር የመለየት) ውድድር ውስጥም ገብቷል።

ከባዱ ነገር ሽሙጥ ነው። «ጎበዝ፣ እንኳን መብራት አጠፋችሁልን» የሚል ትዊት የትኛው ቁልፍ ላይ ይጫናል? ቃሉ ምስጋና፣ ነገሩ ስድብ። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ልጅ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ብዙም አይቸገርም፤ ማሽኑ ግን ገና ነው።

በ2021 ኅዳር ለአፍሪካ ልማት የሚውል የመረጃ ቴክኖሎጂን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ባሕር ዳር ላይ ተካሄደ። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸው የውጭ ግንኙነት አላቸው።

ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ ግን በግጭቱ ምክንያት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በስልክ ተባብሮ ለሚሠራ ወጣት ያ ጊዜ ከባድ ነበር። በደንብ የተጻፈ ነገር ግን ስለዚያ ጊዜ ብዙም የለም።