ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው

ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ወሩ ጥቅምት፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ የሚገባበት ሰሞን። ሌሊት ፍራሼን አርጥቤ ተነሳሁ። እናቴን «ለማንም እንዳትነግሪ» ብዬ አስማልኳት። ማለችልኝ፤ ቃሏንም ጠበቀች። ብቻ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል፣ ፍራሹን ተሸክማ ወጣችና አጥሩ ላይ ዘረጋችው። መሃሉ ላይ ካርታ የመሰለ ቢጫ ነገር አለ። አንዲት ጎረቤታችን ከገበያ ስትመለስ ቆም ብላ ፍራሹን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። «በል እንግዲህ፣ ያንተ ነገር ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ሆነ» ብላ ሳቀች። አባባሉን መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ትርጉሙን የሚያስረዳኝ ሰው አላስፈለገኝም።

ይፋ የወጣ፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ ከእንግዲህ ቢደብቁትም የማይደበቅ ነገር ማለት ነው። አንዱ ጆሮ ሥር ተጠግቶ «እከሌና እከሊት እኮ...» ብሎ ሲጀምር፣ «ኧረ ተወው፣ ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነው» ይባላል። ክርክር ላይም ይመዘዛል። ማስረጃ አምጡ ለሚል ሰው፣ ይሄ ምስክር አይቆጠርበትም ለማለት።

ብዙ ሰው «የአደባባይ ምስጢር» ከሚለው ጋር ያምታታዋል። ለእኔ ይለያያሉ። የአደባባይ ምስጢርን ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። ፍርሃት ወይ ይሉኝታ ይዞታል። ፀሐይ የሞቀው ግን ይሉኝታውም አልቆለታል። ቡና ላይ ይወራል፣ ታክሲ ውስጥ ይወራል። «ፀሐይ የሞቀው ምስጢር» ሲባል ስሰማ ታዲያ ይቆረቁረኛል። ፀሐይ ከሞቀ ወዲያ ምን ምስጢር አለ?

ቆይ ግን፣ ለምን ፀሐይ? ለዚህ መልሱ ደጋ ላይ፣ በበጋ ጠዋት፣ ደጅ ነው ያለው።

በእኛ አገር ደጋው ላይ ውርጩ የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ክረምት ላይ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ የቀኑን ሙቀት አቅፎ ያሳድራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊቱን ሽቅብ ያመልጣል። ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ያለችው ደብረ ብርሃን አካባቢ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይነጋል። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም ያለ ነገር አይደለም። የገጠሩ ቤት ደግሞ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ጭራሽ የሌለውም አለ። ሌሊት የገባው ብርድ እስከ እኩለ ቀን ንቅንቅ አይልም። ደጁ ግን ሦስት ሰዓት ላይ ሞቋል። ስለዚህ ሁሉም ይወጣል።

አቀማመጡም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ነፋስ የማይመታው፣ ወደ ምሥራቅ የዞረ ግድግዳ ይመረጣል። ጀርባ ለግድግዳው፣ እግር ወደ ፊት፣ ጋቢ እስከ አፍንጫ። ግድግዳው ነፋሱን ይከልላል፤ ሲሞቅ ደግሞ ሙቀቱን መልሶ ለጀርባ ይሰጣል። ፀሐይዋ ስትዞር በርጩማውን ይዞ መከተል ነው። እኛ ኮንዶሚኒየም ያሉ ጡረተኞች ዛሬም ይሄንኑ ያደርጋሉ። ጥላው ጫማቸው ላይ ሲደርስ ተነስተው የፕላስቲክ ወንበራቸውን ወደሚቀጥለው ብሎክ ይጎትታሉ። ወሬው አይቋረጥም፤ እየጎተቱም ያወራሉ።

ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ታዲያ ዓይኑ ሥራ አይፈታም። ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ያያል። አብሮት ፀሐይ የሚሞቀውን ዕቃም ያያል። የማን ቤት ስጥ ሰፊ እንደሆነ፣ የማን በርበሬ ዘንድሮ እንዳማረ፣ የማን ብርድ ልብስ መሃሉ እንደሳሳ። ስጥ ላይ ዶሮ ስታባርር የምትውል አሮጊት የሰፈሩን ሀብትና ድህነት አንድ በአንድ ታውቃለች። ጓዳ እስካለ ድረስ ገመና ነው። ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ከሞቀ የአገር ነው። አባባሉ ከዚህ ኑሮ የተወለደ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ቃላቱም ይሄን ይመሰክራሉ። «አገር ያወቀው» ስንል የሚያውቀው አገሩ ነው። «ፀሐይ የሞቀው» ስንል ግን ሟቂው ማነው? ፀሐይዋ አይደለችም፤ እሷ ብትሆን «ያሞቀችው» እንል ነበር። የሞቀው ነገሩ ራሱ ነው። እኔ ሲገባኝ፣ ነገሩ በራሱ እግር ወጥቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን ቁጭ ብሏል።

ቤት ውስጥ ሆኖ በመስኮት መሞቅስ? ሙቀቱ ይገኛል። ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት ጨረር ግን መስታወቱን አያልፍም ማለት ይቻላል። አራስ ልጇን የጠዋት ፀሐይ የምታሞቅ እናት ደጅ መውጣቷ ግድ ነው። ቅባት ትቀባዋለች፣ እግሩን ትገላልጣለች፣ ፊቱን በነጠላ ሸፈን ታደርጋለች። ለዓይኑም፣ ለሰው ዓይንም። ቀትር ሲቃረብ ሁሉም ይበተናል፤ የቀትር ፀሐይ ምች ያመጣል ይባላላ። ከመታ ዳማከሴ ይፈለጋል።

በዚህ ጉዳይ ከእኛ የባሰባቸው ደግሞ አሉ። ርዩካን የምትባል የኖርዌይ ከተማ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ናት። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት ግድም፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ማርች ማለት ነው፣ ተራራው ፀሐይዋን ይጋርድባታል። በፈረንጅ 1928 ሕዝቡ ተራራ ላይ ወጥቶ ፀሐይ እንዲሞቅ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ የሚሄድ መጓጓዣ ተሠራለት። በፈረንጅ 2013 ደግሞ ሦስት ትልልቅ መስታወቶች ተራራው ላይ ተተከሉ። ፀሐይዋን እየተከተሉ ይዞሩና ብርሃኗን ቁልቁል ይልካሉ። ብርሃኑ የሚያርፈው የከተማው አደባባይ ላይ ነው። ሰዉ ካፖርቱን እንደለበሰ እዚያ ይቆማል፣ ፊቱን ወደ ላይ ያዞራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል።

እዚያ በዲሴምበር ፍራሽ ያረጠበ ልጅ ግን ጉድ ፈላበት። ፀሐይ ያለው አደባባዩ ላይ ብቻ ነው።